ሸጊት ከወንዝ ማዶ የዋለችባት ቅዳሜ

ዛሬ የሰው ውሻ አስከተብኩ። ይህን ለመጻፍ የቸኮልኩት ወሬውን ከጎረቤቴ ከእናኑ እንዳትሰሙት ነው፤ በእሷ አፍ ከወጣ ሌባ ሆኜ እቀራለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀበሌው ውሻ ያለው ሁሉ ውሻውን በገመድ ይዞ መጥቶ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ያስወጋ ብሎ ነበርና የልጅ ልጄ ሰላማዊት ወደ ሥራ ስትወጣ፣ «አባባ፣ ቡቺን አደራ፣ ገመዱ በሩ ላይ ተሰቅሏል» አለችኝ። እኔም መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ፣ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ ያገኘሁትን ቡናማ ውሻ ገመዱን አንገቱ ላይ አግብቼ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ሳመሰግነው ነበር። ቡቺ እኮ ከእኔ ጋር ሄዶ አያውቅም፤ ይጎትተኛል እንጂ። ዛሬ ግን እንደ ዲያቆን ጎኔን ይዞ፣ ስቆም እየቆመ፣ ሽማግሌነቴን እያከበረ ሄደ። ሰማንያን ማለፌን ውሻው እንኳን ገባው ብዬ ልቤ ሞቀ። አንድ ሰዓት ያህል ተሰልፈን፣ ተወግቶ፣ ስሙ «ቡቺ» ተብሎ በማኅተም ተጽፎልኝ ቤት ስንመለስ፣ እውነተኛው ቡቺ በረንዳው ላይ ተዘርግቶ አንድ ዓይኑን ከፍቶ አየኝና መልሶ ጨፈነው። እናኑ ደግሞ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ቆማለች።

«ምነው አያ ታደለ፣ ውሻ መስረቅ በዚህ ዕድሜ ይጀመራል እንዴ?»

«አስከተብኩልሽ እንጂ መች ሰረቅኩሽ!»

«የኔ ጃክ እኮ ባለፈው ሳምንት ተከትቧል!»

«እንግዲያው ለሁለት ውሻ የሚበቃ ጤና አለው፤ ምን ታማርሪያለሽ?» አልኳት፤ ግን ራሴም በመልሴ አልረካሁም።

በእርግጥ ከስህተቱ ይልቅ ሆዴ ውስጥ የገባው ሌላ ነገር ነው። ወጣቱ የከብት ሐኪም ጥጡን በአልኮል ነክሮ፣ የመድኃኒቱ ሽታ ከውሻው ጠጉር ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ፣ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አድርጎ፣ «አባባ፣ ይህ ውሻ ሰው ነክሶ ያውቃል?» ሲል ጠየቀኝ። ለሁሉም ሰው የሚጠይቀው ተራ ጥያቄ ነበር። ለእኔ ግን ተራ አልነበረም። ይህን ጥያቄ ልጅ ሳለሁ እናቴ ጠይቃኝ፣ በሰጠኋት መልስ የተነሳ አርባ ቀን ታስሬአለሁ።

ቤታችን ከቁስቋም ደብር በታች፣ ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነበር። ከፊታችን ቀሃ፣ ከጎናችን ከተራራው የሚንደረደር ስም የሌለው ጅረት ይፈሳሉ፣ ሁለቱ ከታች ይገናኛሉ፣ ከኋላችን የንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት ፍራሽ ያለበት ዳገት ቆሟል። ከተማው ከወንዙ ማዶ ነበር። ጣልያን ጎንደርን ከያዘ ወዲህ ከዚያ ማዶ ቀኑን ሙሉ የድንጋይ ፈላጮች መዶሻና የማኪና ጩኸት ይሰማናል፣ ነፋሱ ሲዞር የኖራና የነዳጅ ሽታ ይመጣልናል። እኔ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ከኮላ ድባ ሜዳ ላይ በሬዎቹን ይዞ ያርሳል፣ ለገና ይመጣል። ቤቱ ውስጥ እናቴ፣ እኔና ሸጊት ነበርን።

ሸጊት ውሻዬ ናት። አመድማ፣ ጆሮዋ አንዱ የቆመ አንዱ የወደቀ፣ ከዓይኖቿ በላይ ሁለት ቢጫ ነጠብጣብ ያላት፣ አራት ዓይን ያላት የምትመስል ውሻ ነበረች። በስተግራ ያለው የላይኛው ክራንቻዋ የለም፤ በሕይወቷ የመጀመሪያዋን ማኪና ባየች ቀን ልትነክሳት ሮጣ፣ ጎማውን ስታ ብረቱን ስላገኘች። ከእኔ በቀር ማንም በገመድ ሊስባት አይችልም፤ እግሯን ተክላ ትቀመጣለች፤ እናቴ አንዴ ሞክራ ገመዱን ይዛ በጀርባዋ ወድቃለች። በዚያ ወራት ደግሞ ሸጊት እርጉዝ ነበረች፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም፣ ስትራመድ እንደ ወይዘሮ ትንቀዋለላለች።

ጥፋቱ ሁሉ የጀመረው ከእኔ ምኞት ነው። አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ገበያ ወርደን ሳለ፣ አንድ ሶላቶ፣ የጣልያን ወታደር፣ ተኩላ የሚያክል ውሻ ይዞ አየሁ። ሶላቶው አንዲት ቃል ሲናገር ውሻው ይቀመጣል፤ ሌላ ቃል ሲናገር የፊት እግሩን አንሥቶ ለጌታው ይዘረጋል። የገበያው ሰው ሁሉ እህሉን ትቶ ከቦ ያያል። እኔም ሸጊት ከዚህ በምን ታንሳለች ብዬ ተነሣሁ። በዓል ሆኖ የበግ አጥንት ስለተገኘ፣ ከጓሮ ወስጄ ከፊቷ አስቀመጥኳትና ጣልያንኛ የመሰለኝን ድምፅ ሁሉ አወጣሁባት። እጇን አልሰጠችኝም። አጥንቱን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግቼ ወደ ኋላ ሳብኩት። ሁለተኛም ሳብኩት። ሦስተኛም። አራተኛው ላይ ትዕግሥቷ አለቀና አጥንቱን ከነእጄ ወሰደችው። ወዲያው ነው የለቀቀችኝ፣ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እሷ የደነገጠች ትመስል ነበር፤ ደሙን ላሰችልኝ፣ ጆሮዋን አስተኝታ መሬት ላይ ተለጠፈች። አንጓዬ ላይ ግን ሦስት ጉድጓድ ደም ይተፉ ነበር።

አባቴ ነካሽ ውሻ በግቢው አያኖርም። ባለፈው ዓመት የሸጊት ወንድም የእንግዳ ተረከዝ ስለያዘ፣ አባቴ በገመድ አስሮ ወደ ገደሉ ይዞት ሄደ፤ ሲመለስ ገመዱን ብቻ ይዞ ነበር የተመለሰው። ስለዚህ እናቴ ደሙን አይታ እየጮኸች ደርሳ፣ «ምን ነከሰህ? ይቺ ውሻ ናት?» ስትለኝ፣ ያለ ምንም ማሰብ፣ «አይደለችም! የማላውቀው ቢጫ ውሻ ነው፣ ከቁጥቋጦው ወጥቶ ነከሰኝ» አልኳት። እዚህ ላይ ብዘጋው ኖሮ እስከ ዛሬ ብልህ ነበርኩ። እኔ ግን ወሬዬ የሳሳ መሰለኝና፣ «አፉ አረፋ በአረፋ ነበር» ብዬ ጨመርኩበት።

አረፋዋ ናት የገደለችኝ።

እናቴ አዝላኝ ዳገቱን ወጣች። ለእናት ጀርባ ትልቅ ልጅ ነበርኩ፤ እግሬ መሬት ይጎተት ነበር። ያደረሰችኝ አያ ጓንጉል የሚባሉ፣ የእብድ ውሻ መድኃኒት ከአባታቸው የወረሱ ሽማግሌ ዘንድ ነው። አያ ጓንጉል ቁስሉን ሳይሆን ዓይኔን አዩ፣ «አረፋ ነበረው?» አሉ፣ «ነበረው» አልኩ፤ እንግዲህ መመለሻ የለኝም። ሥር ደቁሰው፣ በወተት በጥብጠው በባዶ ሆዴ አጠጡኝ። ምሬቱን ልነግራችሁ አልችልም፤ ከዚያ ወዲህ ኮሶ ስጠጣ ጣፋጭ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ሕጉን ነገሩን።

«አርባ ቀን ወንዝ እንዳይሻገር። ከተሻገረ መድኃኒቱ ውሃው ላይ ይቀራል፣ ልጁ ማዶ ሲደርስ ይጮኻል።»

«ምን ብሎ ይጮኻል አያ?» አለች እናቴ።

«እንደ ውሻ ነዋ፣ ሌላ ምን ብሎ ሊጮህ ኖሯል!»

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ የነገሩንን ብቻ አላደረገችም፤ ከራሷ ጨመረችበት፤ እኔም የጨማሪነት በሽታዬን ከማን እንደወረስኩ የገባኝ ያን ቀን ነው። ድንገት ቢያብድ ብላ ለመጀመሪያው ሳምንት ቁርጭምጭሚቴን በጠፍር ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰረችኝ። ነካሿ ሸጊት ተፈትታ እየመጣች እግሬ ሥር ትተኛለች፣ ተነካሹ እኔ ታስሬ እውላለሁ። ከሳምንት በኋላ ጠፍሩ ተፈታ፤ ግን ለመሄድ መንገድ አልነበረኝም። በአንድ በኩል ቀሃ፣ በሌላው ጅረቱ፣ ከኋላ ዳገቱ፤ እዚያ ላይ ደግሞ አያ ጓንጉል በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ልጆች ከማዶ ሲጫወቱ እሰማለሁ፣ ኳሳቸው ወደ ወንዙ ስትገባ አያለሁ። በሽታ እንደሌለብኝ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሸጊትም ታውቃለች፣ እሷ ግን አትናገርም።

ውሸት ግን ወንዝ ከመሻገር አልተከለከለም። እናቴ ውሃ ስትቀዳ ለአንዲት ሴት ነገረች፣ ሴትየዋ ለገበያ ነገረች፣ የእኔ ቢጫ ውሻ ገበያው መሐል ሲደርስ ሦስት ሆኗል፣ ከሦስቱ አንዱ በቅሎ ነክሷል። ሰኞ ዕለት አዋጅ ነጋሪ ከአስተርጓሚ ጋር መጥቶ ከወንዙ ማዶ ቆሞ ጮኸ። በከተማውና በዙሪያው እብድ ውሻ ስለገባ፣ ውሻ ያለው ሁሉ እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ማታ ውሻውን በብረት ሰንሰለት አስሮ ከተማ ይዞ ይቅረብ፣ ያስመርምር፣ የቆርቆሮ ቁጥር ያሰቅልለት፤ ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ቁጥር የሌለው ውሻ ባለበት ይገደላል።

አዋጁን በአጥሩ ቀዳዳ ሆኜ ሰማሁት። ሸጊትን ለማትረፍ የፈጠርኩት ውሻ ሸጊትን ሊያስገድላት መጣ። እውነቱን ብናገር ነካሽ ናትና አባቴ ለገና ሲመጣ ገመዱን ያነሣል። ዝም ብል ከእኔ በቀር ከማንም ጋር የማትሄደውን ውሻ ወንዝ አሻግሬ ላስመዘግባት አልችልም፣ እኔ ወንዝ አልሻገርም። እናቴን ለመንኳት። «ውሻ ይዤ ጣልያን ፊት ልቁም?» አለች፣ «ደግሞስ በሰንሰለት ነው ያለው፣ ሰንሰለት ከየት አባታችን እናመጣለን?»

ሰንሰለቱን የሚሠራው ሰው በማግስቱ መጣ። አያ ይርዳው ይባላል፣ ከወለቃ መንደር የሆነ ቤተ እስራኤል ብረት ሠሪ ነው፣ ለእናቴ ማጭድና መጥረቢያ የሚያበጅላት እሱ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው የብረት ሠሪ ዓይን ይፈራ ነበር፤ እሱም የሃይማኖቱ ሕግ ከእኛ ጋር መነካካት ስለማይፈቅድለት ከአጥሩ ወዲያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው ዕቃ የሚያቀብለው። እሱ ሲያልፍ ሰው ሁሉ፣ እናቴም ጭምር፣ ነጠላውን በልጁ ፊት ላይ ይስባል። ሸጊት ብቻ ይህን ሁሉ አታውቅም፤ በመጣ ቁጥር ሄዳ እግሩን አሽታ አጠገቡ ትጋደማለች። ያን ቀንም ተጋደመች። እናቴ እህል ልትሰፍርለት ስትገባ ወደ አጥሩ ተጠጋሁ።

«አንተ ነህ እብድ ውሻ የነከሰህ? እስቲ እጅህን አሳየኝ» አለ፤ ሳይነካኝ ጎንበስ ብሎ ቁስሉን አየ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ዞሮ አፏን ከፍታ የምታለከልከውን ሸጊትን አየ።

«አንድ ነገር ገረመኝ» አለ። «አንተን የነከሰህ ውሻ በስተግራ የላይኛው ክራንቻው የለም።»

አንገቴን ደፋሁ። አያ ይርዳው መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ በጉልበቱ መሐል ራሱን ቀብሮ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ምን አድርገሃት ነው?»

አጥንቱን፣ አራት ጊዜ መሳቤን፣ የጣልያኑን ውሻ ነገርኩት። ሳቁን አቆመ።

«ልክ ናት» አለ። «እኔም ብሆን እነክስሃለሁ። ልትሰጣት ከሆነ ስጣት፣ ልትነሣት ከሆነ አታሳያት። ውሻ ምን እንዳሰብክ አታውቅም፤ ያየችውን ነው የምታምን።»

«አያ ይርዳው፣ ሊገድሏት ነው» አልኩት፤ ማልቀሴን ያወቅሁት ድምፄ ሲሰበር ነው።

እጁን ሳይሆን ጣቱን ብቻ ለሸጊት ዘረጋ፣ አሸተተችው። ከዚያ ከከረጢቱ ከወናፉ የተረፈች ያረጀች የቆዳ ቁራጭ አወጣና በአጥሩ ላይ ወረወረልኝ። የከሰልና የላቡ ሽታ የሞላባት ነበረች። «ከዛሬ ጀምሮ ምግቧን በዚህ ላይ አድርገህ ስጣት» አለኝ። «መጀመሪያ ስጣት፣ ከበላች በኋላ ተነሺ በላት፣ ሁለት እርምጃ ብቻ ውሰዳት። ነገ አራት። ከነገ ወዲያ እስከ አጥሩ። አትጎትት፣ አትጩህ፣ እርጉዝ ናት። እኔ በየጥዋቱ እመጣለሁ። ዓርብ ጥዋት ገመዱን በእጄ ትሰጠኛለህ።»

እንዲህ ነው በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን ትምህርት ቤት የገባሁት። ከወለቃ ቁስቋም ቅርብ አይደለም፤ አያ ይርዳው ግን ከሰንበቱ በቀር በየጥዋቱ ጤዛው ሳይረግፍ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ለእናቴ ሰንሰለት እለካለሁ ይላታል፤ እናቴም ይህ ምን ዓይነት አንገት ነው ሳምንት የሚለካ እያለች ታጉረመርማለች። ሸጊት በሦስተኛው ቀን ቆዳዋን ስታይ ጅራቷን መቁላት ጀመረች። በአምስተኛው ቀን አጥሩ ጋ ሄዳ ጠበቀችው። በስድስተኛው ቀን ሰንሰለቱን አመጣው፤ ቀጭን፣ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ በመዶሻ የተዘጉ፣ አንገቷን እንዳይበላት ከውስጥ ጠፍር የተሰፋበት ነበር። ስትለብሰው ደነገጠች፣ ተቀመጠች፣ እንደ ልማዷ እግሯን ተከለች። እሱ ዝም ብሎ ጠበቃት። ሳይስባት ራሷ ተነሣች።

ዓርብ ጥዋት ሰንሰለቱን በእጁ ስሰጠው አንዴ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ጎኑን ይዛ ወንዙን ተሻገረች፤ እኔ ቀሃ ዳር ድንጋይ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከስድስት ሰዓት በፊት እንደሚመለስ ነግሮኝ ነበር፣ ምክንያቱም ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወለቃ መግባት አለበት፤ ሰንበት ከገባ እንኳን መንገድ ሊሄድ ወንዝም አይሻገርም። ግን የጎንደር ውሻ ሁሉ ያን ቀን ተሰልፎ ኖሮ፣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ካዘነበለች በኋላ ነው ከማዶ በኩል ብቅ ያሉት። ሸጊት አንገት ላይ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ጮኼ ዘለልኩ። እሷ ግን እየሮጠች አልመጣችም፤ ቁልቁል ሲወርዱ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች፤ ወንዙ አፋፍ ላይ ካለው የወይራ ዛፍ ሥር ስትደርስ መሬቱን በእግሯ ቆፈረችና ተጋደመች።

«ምነው አያ ይርዳው? ምን ሆነች?»

«ልትወልድ ነው!»

ፀሐይዋን አየ። ሸጊትን አየ። እኔን አየኝ። ያኔ ትቷት ቢሮጥ ቤቱ ይደርስ ነበር፤ ይህን ያኔም አውቄአለሁ፣ ዛሬም አውቃለሁ። ጋቢውን አውልቆ ከሥሯ አነጠፈላትና አጠገቧ ቁጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ውሃው ወርዶ፣ ሰንበቱን ሊቀበል፣ ፊቱንና ሰውነቱን ሲታጠብ አየሁት፤ ከዚያ ፀሐይዋ ገባች። እናቴ እየጎተተች ወደ ቤት ወሰደችኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወንዙ ዳር ነበርኩ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ አያ ይርዳው እሳት አላነደደም፣ ያለ ጋቢ ሁለት ክንዱን አቅፎ ዛፉ ላይ ተደግፏል። «ታደለ!» ብሎ ጮኸ፣ «አምስት ናቸው! አንዷ እንዳንተ ጨቅጫቃ ናት!» ያን ቀን ወንዙ ከጉልበት በላይ አልነበረም። ሃያ እርምጃ አይሞላም። እሱ ሰንበት ይዞታልና አይሻገርም፤ እኔ አርባ ቀን ይዞኛልና አልሻገርም፤ እንዲህ ሆነን ፊት ለፊት ተፋጠጥን። እናቴ ቡችሎቹን ላመጣ ብላ ሁለት ጊዜ ተነሣች፤ ሸጊት ከማዶ ጥርሷን አሳየቻት፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። ዳቦ እንወርውርልህ ስትለው አመስግኖ እንቢ አለ፣ የእኛን ምግብ አይበላም። «ቀዳሚት ሰንበትን እኛም እናከብራለን፣ የእሱ ግን ሌላ ነው» አለች እናቴ፤ ከዚያን ቀን በኋላ ብረት ሠሪ ሲያልፍ ነጠላዋን በፊቴ ላይ ስትስብ አላየኋትም።

ከከተማው በኩል ተኩስ ይሰማ ነበር፣ አንድ አንድ፣ ረጋ ያለ ተኩስ። ከእያንዳንዱ በፊት የውሻ ጩኸት አለ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ የለም። እኩለ ቀን ላይ ሁለት ሶላቶዎችና አንድ አስተርጓሚ በወንዙ ዳር እየፈተሹ መጡ። ሸጊት አጉረመረመች። አንደኛው ጠመንጃውን አወረደ። አያ ይርዳው ሳይነሣ እጁን ዘርግቶ ቆርቆሮዋን አሳያቸው።

«የማን ናት?» አለ አስተርጓሚው።

አያ ይርዳው ወደ እኔ አላመለከተም። «በእጄ ያለች ናት» አለ። እንግዲህ አያችሁት? አልዋሸም፤ በሰንበቱ አልዋሸም።

«ተነሥተህ ይዘሃት ተከተለን። የወለደች ውሻ መንገድ ዳር አይፈቀድም።»

«ዛሬ አልነሣም። ማታ እነሣለሁ።»

ሶላቶው ያልገባውን ቋንቋ በጫማው መለሰ። ጎኑን ነው የመታው። አያ ይርዳው ተንጋደደ፣ ተመልሶ ቁጭ አለ። አስተርጓሚው ወደ እኛ ዞሮ፣ «ባለቤቷ ከዚያ ማዶ ካለ ይምጣና ይውሰዳት፤ አለዚያ እንጨርሳታለን!» ብሎ ጮኸ።

ያኔ አንድ እግሬን ውሃ ውስጥ ከተትኩ። ቅዝቃዜው እስከ ዛሬ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አለ። አንዲት ቃል ነበረች የምትቀረኝ፤ እኔ ነኝ ባለቤቷ፣ እሷ ናት የነከሰችኝ፣ እብድ የለም፣ ማለት። እናቴ ጮኻ ወገቤን ያዘችኝ። ሰው ሁሉ የያዘችኝ እሷ ይመስለዋል። እጇ ላላ ያለ ነበር፤ ብፈልግ እሄድ ነበር። እግሬን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

ሶላቶው ሁለተኛ መታው። አያ ይርዳው ሁለተኛ ተቃንቶ ተቀመጠ፣ ቡችሎቹን በጀርባው ከልሎ። ሰውዬው ሦስተኛ ሊመታው ሲል አስተርጓሚው ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሰውየው ሰንበት ይዞ ነው፣ ምን አደከመን የሚል በሚመስል ድምፅ የሆነ ነገር ነገረውና እየሳቁ ሄዱ።

ማታ፣ የመጀመሪያዎቹ ኮከቦች ሲወጡ፣ አያ ይርዳው ቡችሎቹን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ሸጊት እየተከተለችው፣ ወንዙን ተሻግሮ እግሬ ሥር አስቀመጣቸው። ጎኑን ይዞ ነበር የሚራመደው። ይቅር በለኝ ለማለት አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ውሃ አጠጣት፤ ከምግቡ በፊት ውሃ» አለኝ። «ቡችሎቹን ዓይናቸው እስኪገለጥ አታንሣቸው።» ጋቢው በወሊድ ደም ተበላሽቷልና አልወሰደውም። ሊሄድ ዞሮ ቆመ።

«ሰንበትን ከሰው አገር አድሬ፣ የወሊድ ደም ነክቼ ነው የምገባው» አለ። «ሽማግሌዎቹ ሰንበትን ሽረሃል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ሚስቴ ደግሞ በውሻ ምክንያት ነው ብላት አታምነኝም። ሰንበቴን አለመሻሬን ያየኸኝ አንተ ነህ። አርባህ ሲሞላ ወለቃ ብቅ በልና ንገርልኝ።»

«እመጣለሁ» አልኩት።

አርባው ሞላ። መጀመሪያ ወንዝ ስሻገር እናቴ ከኋላዬ ቆማ እጮህ እንደሆነ ታዳምጥ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁና እኔም አዳምጥ ነበር፣ ይህን ያህል ለራሴ ውሸት ተገዝቼ። ወለቃ ግን አልሄድኩም። አባቴ ለገና መጥቶ ነበር፤ ለሰውየው ብመሰክር ከየት ጀምሬ ልመሰክር? መጨረሻውን ያለ መጀመሪያው አንድም ሰው አያምነኝም፣ መጀመሪያው ደግሞ ከእነ ጥርሷ ሸጊትን ያሳያል። ከገና በኋላ እሄዳለሁ አልኩ። ከዚያ አያ ይርዳው ወደ እኛ ሰፈር መምጣቱን ተወ፤ ሰንበትን ውጭ አድሮ ገባ ተብሎ ከመንደሩ ዳር ለብቻው ብዙ ቀን እንደተቀመጠ እናቴ ከገበያ ሰምታ ነገረችኝ፤ ምን ብለው እንደጠየቁት፣ ምን ብሎ እንደመለሰ አልሰማችም። ከዚያ ጦርነቱ ጎንደር ደረሰ፣ የወለቃ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ጣልያን ሄደ፣ እኔ ወደ ደንቢያ ተላክሁ፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጆች፤ ለአንድ ሰዓት መንገድ ዕድሜ ሙሉ ሰበብ አላጣሁለትም። ሸጊት ሸምግላ፣ አንድም ሰው ዳግመኛ ሳትነክስ፣ ቤታችን ጥላ ሥር ሞተች። እናቴ የአያ ይርዳውን ጋቢ አጥባ ብዙ ዓመት ለብሳዋለች።

ፀጉሬ ከነጣ በኋላ አንድ ቀን ወለቃ ሄድኩ። መንገዱ ዳር የሸክላ ሥራ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ፤ የአያ ይርዳውን ቤት ስጠይቅ አንዷ፣ «እነሱ እኮ ሁሉም እስራኤል ገቡ አባባ፤ እኛ ከሄዱ በኋላ የመጣን ነን» አለችኝ። የብረት መቀጥቀጫው ድምፅ የለም፣ የወናፉ ጭስ የለም። የቀሃም ውሃ አሁን እንደ ድሮው አይደለም፣ ዛፎቹም የሉም። ከዚያች ቅዳሜ ምስክሮች የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የሰው ውሻ አስከትቤ የምገባ ምስክር ነኝ፣ ማን ያምነኛል።

ቢሆንም ልናገረው። አያ ይርዳው ያን ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ታጥቦ ተቀመጠ። እሳት አልነካም። እህል አልቀመሰም። ሲመቱት አልተነሣም፣ ወንዝ አልተሻገረም፣ ከዋክብት እስኪወጡ ምንም አልተሸከመም። ከማዶ ሆኜ ቀኑን ሙሉ አይቼዋለሁ። ይህችን ቃል ወለቃ ድረስ ወስጄ ለሚስቱ መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኳትም።